ወንዝ የወረዱትና ወንዝ ዳር የቀሩት፦ የኢትዮጵያ የጀልባ ጉዞ ከቡኢ ሲታይ

የጉራጌ ተራሮች ውሃ በሦስት አቅጣጫ ይከፈላል። በምዕራብ የሚወርደው በዋቤ በኩል ጊቤ ይገባል፣ ከዚያም ኦሞ ተብሎ ቱርካና ሐይቅ ይደርሳል። በምሥራቅ የሚወርደው መቂን ይዞ ዝዋይ ይገባል። ወደ ሰሜን ያዘነበለው ደግሞ አዋሽን ተቀላቅሎ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። የሶዶ ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ቡኢ ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከዋና ከተማዋ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኘው በዚህ የውሃ ክፍፍል አገር ውስጥ ነው።

ከእነዚህ ወንዞች መካከል አዋሽና ኦሞ በዓለም የጀልባ ጉዞ ታሪክ ውስጥ ስማቸው በትልቁ ተጽፏል። አሜሪካውያን ወጣቶች በ1973 ዓለም አቀፍ የወንዝ ጉዞ ድርጅት ሲያቋቁሙ ሥራቸውን የጀመሩት በእነዚህ ሁለት ወንዞች ላይ ነበር። ዛሬ በራፍቲንግ፣ ማለትም በጎማ ጀልባ ነጭ አረፋ የሚደፍቅ ወንዝ በመውረድ፣ የሚተዳደሩ ከተሞች በዩጋንዳ፣ በኬንያና በዛምቢያ አሉ። እኛ ጋ የሉም። ይህ ዳሰሳ የኢትዮጵያ የወንዝ ጉዞ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ፣ ምን እንደቀረና ከዚህ በኋላ ቡኢን በመሰለ ከተማ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያያል። ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወንዝ መሻገሪያ ብቻ በነበረበት ጊዜ

በደጋው አገር ወንዝ ለብዙ ዘመን ከመዝናኛ ጋር አብሮ ተነስቶ አያውቅም። ክረምት ሲገባ አገርን ከአገር ይቆርጣል፣ ገበያተኛ ያስቀራል፣ ለቀስተኛን መንገድ ላይ ያሳድራል። ጀልባ የነበረው ውሃው በረጋበት ነው፤ ጣና ላይ የደንገል ታንኳ፣ ጫሞና አባያ ላይ ከቀላል እንጨት የሚሠራው የዓሣ አጥማጆች ጀልባ። በሸለቆዎቹ ውስጥ ግን ሰው የሚሻገረው በመልካ፣ በገመድ ወይም አየር በተሞላ ስልቻ ላይ ደረቱን ጥሎ ነበር። ወንዙን ተከትሎ መውረድን ማንም አያስበውም፤ ምክንያቱም ከታች የሚጠብቀው ገደል፣ አዞ፣ ንዳድና የማያውቁት አገር ነው።

ወንዙን ልውረድ ብለው የተነሱት ከውጭ የመጡ ናቸው። አሜሪካዊው ባለጸጋ ዊሊያም ኖርዝሩፕ ማክሚላን በ1903፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ የብረት ጀልባዎች ይዞ አባይ ሸለቆ ወረደ። ዕቅዱ በአባይ ተጉዞ ሱዳን መድረስ ነበር። ጀልባዎቹ ብዙም ሳይርቁ ከድንጋይ ጋር ተላትመው ተሰባበሩና ጉዞው በአጭር ተቀጨ። ብረት ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ ወይ ይቀደዳል ወይ ይጨራመታል። መላው የተገኘው ግማሽ ምዕተ ዓመት ቆይቶ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ የጎማ ጀልባዎች በአሜሪካ የኮሎራዶ ወንዝ ላይ ሲሞከሩ፣ ድንጋይ ሲነካቸው ታጥፈው የሚመለሱና የሚያልፉ ሆነው ተገኙ። የዘመናዊው ራፍቲንግ መሠረት ይህ ነው።

1960ዎቹ፦ የጀግንነት ዘመን

በ1962 ከስዊዘርላንድና ከፈረንሳይ የመጡ ቀዛፊዎች ከሻፋርታክ ድልድይ ተነስተው አባይን ወደ ሱዳን መውረድ ጀመሩ። ከቀናት ጉዞ በኋላ ሌሊት በሽፍቶች ተከበው ሁለቱ ተገደሉ፤ የተረፉት በጨለማ አምልጠው ወጡ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ስዊድናዊው አርነ ሩቢን ከሻፋርታክ ብቻውን በታንኳ ተነስቶ ካርቱም ገባ። የአንዱ መሳካትና የሌላው ጥፋት የአባይን ስም በአውሮፓ ይበልጥ አገነነው።

ከሁሉም ትልቁ ጉዞ በ1968 የተደረገው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፈቃዳቸውን ሰጥተው፣ የእንግሊዝ ጦር መኮንኑ ካፒቴን ጆን ብላሽፎርድ ስኔል ከሃምሳ በላይ ሰው የያዘ ቡድን መራ። ወታደሮች፣ የእንስሳትና የዕፅዋት ተመራማሪዎች እንዲሁም ኢትዮጵያውያን አባላት ነበሩበት። ጊዜው ሆን ተብሎ የተመረጠ ክረምት ነበር፤ በጋ ላይ ውሃው አንሶ ድንጋዩ ያገጣል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ወንዙ ጀልባውን ከድንጋዩ በላይ ያንሳፍፋል፤ የዚያኑ ያህል ግን ጉልበቱ ይበረታል። ከሻፋርታክ በታች ያለውን ክፍል በትልልቅ የሠራዊት ጀልባዎች ሄዱ። ከጣና እስከ ሻፋርታክ ያለውን አስጨናቂውን ክፍል የያዘው በሮጀር ቻፕማን የሚመራ አነስተኛ ቡድን ነው፤ ይህ ቡድን ቀላል የጎማ ጀልባዎች ይዞ ነበር። በተራራ ወጪነቱ ስመ ገናና የሆነው ክሪስ ቦኒንግተን ፎቶ ለማንሳት አብሮ ተጉዞ፣ ከሞት ለጥቂት ተርፏል። ኢያን ማክሊዮድ የተባለው አባል አንድ ገባር ወንዝ ሲሻገር ውሃ ወሰደው። ቡድኑ በሽፍቶችም ተተኩሶበታል።

የ1968ቱ ጉዞ በእንግሊዝ የጀልባ ስፖርት ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል፤ የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ስኔልሃምም መጽሐፍ ጽፎበታል። ጉዞውን ከእኛ ወገን ሆኖ ለሚያየው ግን ሌላ ነገር ጎልቶ ይታያል። በየመንደሩ በቅሎ ያከራየ፣ መልካውን ያሳየ፣ ገደሉን በየት በኩል መውጣት እንደሚቻል የጠቆመ ገበሬ ነበር። ወንዙን የሚያውቀው እሱ ነው። ጀልባው ካለፈ በኋላ ግን እሱ የነበረበት ቦታ ቀረ። መቅዘፊያ የጨበጠ፣ ጎማ መንፋት የተማረ፣ ሰው ከውሃ ማውጣት የሠለጠነ ወጣት በአካባቢው አልተተወም። ይህ ሁኔታ ከዚያ በኋላ በመጡት ዘመናትም ደጋግሞ ይታያል።

1973፦ ከጊቤ ድልድይ የተነሳው ሥራ

በ1973 ሪቻርድ ባንግስ የተባለ፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ አስጎብኚ ሆኖ የሠራ ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ወደ ኢትዮጵያ መጣ። ድርጅታቸውን ሶቤክ ብለው ሰየሙት፤ ሶቤክ የጥንት ግብፃውያን የአዞ አምላክ ነው፣ ስሙንም የመረጡት የኢትዮጵያ ወንዞች በአዞ የታወቁ ስለሆኑ ነው። መጀመሪያ አዋሽ ላይ ራሳቸውን ሞከሩ፤ ቀጥለው በጅማ መንገድ ከወልቂጤ አልፎ ካለው የጊቤ ድልድይ ጎማቸውን ነፍተው ኦሞን ወረዱ። የጊቤ ሸለቆ የጉራጌ አገር የምዕራብ ወሰን ነው። በኋላ በየአህጉሩ ወንዝ ያስጎበኘው ድርጅት ትልቁን ጉዞውን የጀመረው እንግዲህ ከእኛ ደጃፍ ነው።

ሶቤክ ያመጣው ለውጥ ወንዝ መውረድን ከጀግንነት ወደ ሥራ ማሸጋገሩ ነው። ከዚያ በፊት ወንዝ የሚወርደው ወታደር፣ አሳሽ ወይም ነፍሱን የሸጠ ቀዛፊ ነበር። አሁን ግን ገንዘብ የሚከፍል ተራ ሰው ጎማው ላይ ተቀምጦ፣ ራስ መከላከያ አድርጎና የሚያንሳፍፍ ጃኬት ለብሶ፣ የሠለጠነ መሪ ከኋላ ቆሞለት ይወርዳል።

መሪው የሚሠራውን ቀረብ ብሎ ማየት ሥራውን ያስረዳል። ወንዙ ከሩቅ ሲጮኽ መሪው ጀልባውን ዳር ያስይዝና ወርዶ ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ይወጣል። ውሃው በሁለት ድንጋዮች መካከል ተሰብስቦ ጫፉ ወደ ታች የሚያመለክት ለስላሳ ምላስ ከሠራ፣ መንገዱ እሱ ነው። ጫፉ ወደ ላይ የሚያመለክት ከሆነ ግን ከሥሩ የተደበቀ ድንጋይ አለ ማለት ነው። ከትልቅ ድንጋይ ጀርባ ውሃው ተመልሶ የሚዞርበት የረጋ ኪስ ይኖራል፤ ጀልባ የሚያርፈው እዚያ ነው። ውሃው ከከፍታ ወርዶ በራሱ ላይ የሚታጠፍበት ጉድጓድ ደግሞ ጀልባም ሰውም ይዞ ያስቀራል። ከጀልባ የወደቀ ሰው ጀርባውን ለውሃው ሰጥቶ፣ እግሩን ወደ ፊት ዘርግቶ መንሳፈፍ አለበት፤ ወገብ በሚደርስ ፈጣን ውሃ ውስጥ ለመቆም የሞከረ ሰው እግሩ በድንጋይ መካከል ይያዝና ውሃው ራሱን ይደፍቀዋል። ዳር የቆመ ባልደረባ ገመድ የታጨቀበትን ከረጢት ወርውሮ ይጎትተዋል። ወንዞች በዚህ መሠረት ከ1 እስከ 6 ደረጃ ይወጣላቸዋል፤ 1 ልጅ የሚሄድበት ነው፣ 6 ደግሞ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ይህ ሁሉ ጉልበት ሳይሆን ዕውቀት ነው፤ ዕውቀት ደግሞ ይማሩታል። የኦሞ ጉዞ በአብዮቱ ዘመን ቢቀዛቀዝም ኋላ ተመልሶ፣ ከመስከረም በኋላ ሙላቱ ጎደል ሲል የውጭ መንገደኞች ከጊቤ ድልድይ ተነስተው ለሳምንታት ይወርዱ ነበር። ጉማሬው፣ አዞው፣ ፍል ውሃው፣ የወንዝ ዳሩ ደንና በታችኛው ኦሞ የሚኖሩት ሕዝቦች በመጽሔቶች ላይ ተደጋግመው ወጡ። የጉዞው ዋጋ የሚከፈለው ግን ሌላ አገር ነበር፤ ጀልባውም መሪውም በአውሮፕላን ይመጣሉ፣ በአውሮፕላን ይመለሳሉ።

ከ1996 እስከ 2004፦ ካሜራው የመጣበት ዘመን

በ1996 ባንግስና ጓደኞቹ ተከዜን ለመጀመሪያ ጊዜ በጎማ ወረዱ። ያን ጊዜ ኢንተርኔት ገና አፍላ ነው። ማይክሮሶፍት ሙንጎ ፓርክ የተባለ የጉዞ መጽሔት በኢንተርኔት ከፍቶ ነበርና ከተከዜ ገደል ሥር የተጻፈው ዘገባ በሳተላይት እየተላከ በየዕለቱ ይነበብ ነበር። ሺህ ዓመት መንደርተኛ ብቻ ያየው ሸለቆ በአንድ ወቅት ብዙ የዓለም አንባቢ ተመለከተው።

በአባይ ላይ ደግሞ በ1999 የናሽናል ጂኦግራፊክ ቡድን በጎማ ጀልባ ወረደ። ከዚያ ጉዞ የወጣ አንድ ፎቶግራፍ ከሁሉም ጉዞዎች የበለጠ ፍሬ አፍርቷል ብዬ አምናለሁ። ፎቶው ሰባራ ድልድይን ያሳያል። ድልድዩ በጎንደር ዘመን የተሠራ ነው፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ቀርቶ ነበር። ሰዎች ከግራና ከቀኝ ሆነው ገመድ ይይዛሉ፣ ተሻጋሪው ወገቡ ላይ ታስሮ በክፍተቱ አየር ላይ ይጎተታል፣ ከበታቹ አባይ ያጓራል። ኬን ፍራንትዝ የተባለ አሜሪካዊ የግንባታ ባለሙያ ይህን ፎቶ በመጽሔቱ ላይ አይቶ አላስቀምጥ አለው። መጥቶ በ2002 ድልድዩን ከአካባቢው ሕዝብ ጋር ጠገነ፤ በኋላ ጎርፍ ሲወስደው ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ተተከለ። ሐሳቡ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፔሪቲ ወደሚባል ድርጅት አድጎ በብዙ አገር የእግረኛ ድልድዮች ሠርቷል።

ከዚህ የማገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ወንዝ የሚወርድ ሰው ዓይኑን ወደ ዳር ከመለሰ፣ ጉዞው ለወንዝ ዳሩ ሰው የሚተርፍ ነገር ይወልዳል። ዓይኑን ውሃው ላይ ብቻ ካደረገ ግን የሚወስደው ታሪኩን ነው።

የዘመኑ መዝጊያ በ2004 ሆነ። አሜሪካውያኑ ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከኢትዮጵያ ተነስተው በ114 ቀን ከ5,200 ኪሎ ሜትር በላይ ቀዝፈው ሚያዝያ መጨረሻ ላይ እስክንድርያ ገቡ። አባይ ከምንጩ እስከ ሜዲትራንያን ድረስ ሙሉ ለሙሉ ሲወረድ የመጀመሪያው ነው፤ በትልቅ ስክሪን የሚታይ ፊልምም ተሠርቶበታል። ከዚያ ወዲህ በኢትዮጵያ ወንዞች ላይ መጀመሪያ የሚባል ነገር ብዙም አልቀረም፤ ራሳቸው ወንዞቹም መለወጥ ጀመሩ።

ግድቦቹ

የተከዜ ግድብ በ2009 ተመረቀ። ቁመቱ 188 ሜትር ነው፣ 300 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ባንግስ ከወረደበት ዓመት እስከ ምረቃው አሥራ ሦስት ዓመት ብቻ ነው ያለው። በ2010 ጣና በለስ ሥራ ሲጀምር ከጣና ወደ አባይ ይወርድ ከነበረው ውሃ ከፍ ያለ ድርሻ በዋሻ ወደ በለስ ዞረ፤ የ1968ቱ የጎማ ጀልባዎች የተጋደሉበት የላይኛው አባይ አቅሙ ቀነሰ። ግልገል ጊቤ ሁለት በዚያው ዓመት ተመረቀ። ጊቤ ሦስት በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. ሲመረቅ 243 ሜትር ከፍታ ያለው ግድብ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ቆመ፤ ከኋላው የተኛው ሐይቅ 150 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን ብዙውን የመካከለኛ ኦሞ ገደል ሸፍኗል። ሶቤክ የታወቀባቸው ፏፏቴዎች ከሐይቁ ሥር ናቸው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የተጀመረው የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ንጋት ሐይቅም ከወሰኑ ወደ ላይ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ተዘርግቷል።

የወንዝ ጉዞ የሚወድ ሰው ይህን ሲሰማ ቢያዝን አይፈረድበትም። ነገር ግን በኩራዝ ያጠና ልጅ ባለበት አገር መብራትን ከፏፏቴ ጋር አወዳድሮ ፏፏቴን መምረጥ አልችልም። ሕዳሴን የሠራው ከጡረታውና ከደመወዙ ቀንሶ ቦንድ የገዛ ሕዝብ ነው። ውሃን መቆጣጠርም የሰው ሕይወት ጉዳይ ነው፤ በ2006 ነሐሴ ኦሞ ድንገት ሞልቶ በዳሰነች ምድር 364 ሰው ገድሏል። በሌላ በኩል ኦሞ በየዓመቱ ሞልቶ ሲመለስ በሚተወው እርጥብ ደለል ላይ ማሽላ ይዘሩ የነበሩት የታችኛው ኦሞ ሕዝቦች ያ ሙላት ሲቀርባቸው ኑሯቸው ተናግቷል። ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱንም አብሮ መያዝ ያስፈልጋል።

ለዚህ ዳሰሳ የሚበቃው ፍሬ ነገር ግን ሌላ ነው። ግድቦቹ ወንዝ ሁሉ አላጠፉም። ከጊቤ ድልድይ በታች ያለው ወንዝ የሐይቁ ጅራት እስኪጀምር ድረስ ዛሬም ይፈስሳል። የላይኛው አዋሽም ቆቃ ግድብ እስኪደርስ ድረስ የሚገታው የለም። የጠፋው ረጅሙ የሦስት ሳምንት ጉዞ ነው፤ የአንድና የሁለት ቀን ጉዞ የሚሆን ወንዝ ግን አለ። የዓለም ገበያም ያዘነበለው ወደዚያው ነው።

ጎረቤቶቻችን ምን አደረጉ?

ዛምቤዚን ከቪክቶሪያ ፏፏቴ በታች በ1981 ለመጀመሪያ ጊዜ የወረደው ያው ሶቤክ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ከእኛ የተለየ ነው። የዛምቢያና የዚምባብዌ ወጣቶች መጀመሪያ ጎማ ተሸካሚ ሆነው ገቡ፤ ገደሉን ጀልባ ተሸክመው ወጡ ወረዱ፣ ቀስ በቀስ መቅዘፊያ ያዙ፣ ከዚያም መሪ ሆኑ። ዛሬ የዛምቤዚ መሪዎች በሌሎች አገር ወንዞች ላይ ሳይቀር ተቀጥረው ይሠራሉ።

በዩጋንዳ ጂንጃ ከተማ የንግድ ራፍቲንግ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጀመረ። በ2012 የቡጃጋሊ፣ በ2019 ደግሞ የኢሲምባ ግድብ ብዙ ፏፏቴዎችን ዋጠ። ሥራው ግን አልሞተም፤ ወደ ታች ተሸጋግሮ በቀረው ወንዝ ላይ ቀጠለ። ወንዙ ሲቀየር ሥራውን ያተረፈው የሠለጠነ ሰው መኖሩ ነው፤ ፏፏቴ ቢሰጥም የመሪው ሙያ አብሮ አይሰጥምና።

ለቡኢ የሚቀርበው ምሳሌ ግን ኬንያ ነው። ሳጋና ከናይሮቢ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት፤ አጠገቧ የኬንያው ጣና ወንዝ ያልፋል። የናይሮቢ ወጣት ቅዳሜ ጠዋት ይመጣል፣ ግማሽ ቀን ይቀዝፋል፣ ምሳ ይበላል፣ ማታ ቤቱ ይገባል። ደንበኛው የውጭ አገር ጀብደኛ ብቻ አይደለም፤ የባንክ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ የቤተ ክርስቲያን ወጣቶች ማኅበርም ነው። ዋና ከተማ አጠገብ ያለ መጠነኛ ወንዝ ሩቅ ካለ ታላቅ ወንዝ ይልቅ ለከተማዋ ይጠቅማታል።

በእኛ አገር የውሃ ዳር መዝናኛ አሁን

ያለፉት አሥር ዓመታት የኢትዮጵያን የውሃ ዳር መዝናኛ ከወንዝ ወደ ሐይቅ አዙረውታል። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳና ላንጋኖ የሳምንት መጨረሻ ማረፊያ ሆነዋል። በ2019 የተጀመረው የሸገር ወንዝ ዳርቻ ፕሮጀክት የአዲስ አበባን ወንዞች መናፈሻ ለማድረግ ተነሳ፤ ቀጥሎ የመጣው ገበታ ለሀገር የተባለው ፕሮጀክት ወንጪን፣ ጎርጎራንና ኮይሻን ይዞ፣ ከጊቤ ሦስት ሐይቅ ዳር ሐላላ ኬላ የተባለው ማረፊያ ተሠራ። የኦሞን ፏፏቴዎች የዋጠው ሐይቅ ዛሬ በሞተር ጀልባ ይጎበኛል።

ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ የኢትዮጵያን ውሃ ለመዝናኛ የሚያየው የውጭ ሰው ነበር፤ አሁን ኢትዮጵያዊው ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ጀልባ ላይ ይወጣል። የቀረው ነገር ግን አሁንም ያው ነው፤ ኢትዮጵያዊው ተሳፋሪ ሆነ እንጂ ገና ቀዛፊ አልሆነም። የረጋ ውሃ ላይ መቀመጥና የሚፈስስን ውሃ ማንበብ የተለያየ ሙያ ነው።

ቡኢ ላይ ምን ሊሠራ ይችላል?

እውነቱን ለመናገር፣ በቡኢ ዙሪያ ያሉት ጅረቶች ለራፍቲንግ አይሆኑም። አጭርና ቀጥ ያሉ ናቸው፤ በጋ ላይ ልጅ ይዘልላቸዋል፣ ክረምት ላይ ደግሞ ከተራራው የሚወርደው ደራሽ ውሃ ድንገት ይመጣል። ቆላ ወርዶ ከብት የሚጠብቅ ልጅ ምልክቱን ያውቀዋል፤ እሱ ባለበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጅረቱ መቅላት ይጀምራል፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ እየገፋ አረፋ ይዞ ይመጣል፣ ከላይ የድንጋይ መንከባለል ድምፅ ይሰማል። ያን ጊዜ ከብቱን ትቶ ወደ አፋፍ የሚሮጥ ይተርፋል። ይህ ዕውቀት የዛምቤዚ መሪ በሥልጠና ከሚማረው ጋር አንድ ዓይነት ነው። ማስረጃና ደመወዝ የሚያስገኝ ሙያ ተደርጎ አለመታሰቡ ነው የሚቆጨኝ።

ወንዙ ያለው ከቡኢ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። መልካ ቁንጡሬ አጠገብ አዋሽ ገደል ቆርጦ ያልፋል። ወንዙ በዚያ ቦታ የሠራውን ሥራ መጀመሪያ ያስተዋለው ኔዘርላንዳዊው የውሃ ባለሙያ ዤራር ዴከር ነው፤ በ1963 ወንዙን ሊመረምር መጥቶ አዋሽ ባጠበው አፈር ውስጥ የጥንት ሰው የድንጋይ መሣሪያ አገኘ። ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ ወደ ኋላ የሚሄደው ይህ ሥፍራ ከባልጪት ጋር በሐምሌ 2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። የጢያ ትክል ድንጋዮች በ1980 ተመዝግበው ነበር። በዚሁ አቅጣጫ ያለችው አዳዲ ማርያም ደግሞ ከዓለት የተፈለፈለች ቤተ ክርስቲያን ናት። ሦስቱን ለማየት የሚመጣ መንገደኛ ጢያ ደርሶ ይመለሳል፤ ቡኢ ጥቂት ኪሎ ሜትር ስትቀረው መኪናውን ያዞራል። በአንድ መንገድ ላይ ሁለት የዓለም ቅርስ ያለው አካባቢ መንገደኛውን ግማሽ ቀን የሚያስቆይ ነገር አጥቷል።

አዋሽ ያንን ግማሽ ቀን ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ክፍሉ የአዲስ አበባን የፋብሪካና የፍሳሽ ቆሻሻ የሚያመጣው አቃቂ ገና አልተቀላቀለውም። ወቅቱም ከአገሩ ልማድ ጋር የተስማማ ነው። ወንዝ ለጀልባ የሚመቸው ክረምቱ ወጥቶ፣ ሙላቱ እየጎደለ ውሃው ገና ሳይሰልል ነው፤ ይህም መስከረምና ጥቅምት ነው። በዚያው ጊዜ የጉራጌ ልጅ ከአዲስ አበባ፣ ከሐዋሳ፣ ከውጭ አገርም ሳይቀር ለመስቀል አገር ቤት ይገባል። ክትፎው ተበልቶ፣ ደመራው ተለኩሶ፣ ሽማግሌ ተጠይቆ ካለቀ በኋላ ወጣቱ የሚውልበት ይፈልጋል። የጀልባው ወቅትና የደንበኛው ወቅት አንድ ላይ የሚውሉበት አካባቢ ብዙ የለም።

ይሁንና ጀልባ ከመግዛት በፊት የሚቀድሙ ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ዋና ማስተማር ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 በዓለም ዙሪያ 300,000 ሰው ሰጥሞ ሞቷል፤ ከባዱን ሸክም የሚሸከሙት ድሃ አገሮችና ሕፃናት ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት ለዚህ ጉዳይ የሰየመው ዓለም አቀፍ ቀን ሐምሌ 18 ላይ ይውላል፤ ወንዞቻችን ከአፍ እስከ ገደፍ በሚሞሉበት ወር። ውሃ ሲደፈርስ የማይገባ፣ ጓደኛው ሲወሰድ ተከትሎ ከመዝለል ገመድ ወይም እንጨት የሚወረውር ልጅ ማሳደግ ራፍቲንግ ኖረም አልኖረም ይጠቅማል።

ሁለተኛው ወንዙን መለካት ነው። የትኛው ክፍል በየትኛው ወር ምን ያህል ውሃ ይይዛል፣ ድንጋዩ የት ነው፣ መውጫው የት ነው፣ ወንዙ የትኛው ደረጃ ላይ ይመደባል? ይህን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ሳይከታተሉ እንግዳ ውሃ ላይ ማውጣት ነፍስ ማስያዝ ነው። ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ቅርብ ነው፤ መለኪያ ይዘው ወንዝ ዳር የሚከርሙ ተማሪዎች ቢልክ ለመስኖውም ለጎርፍ ማስጠንቀቂያውም የሚሆን መረጃ ይሰበስባል።

ሦስተኛው መሪ ማሠልጠን ነው። ከሶዶ፣ ከአዋሽ ዳር ካሉት የኦሮሚያ ቀበሌዎችና ከወልቂጤ የጊቤ ዳር ወጣቶች የተመረጡ ጥቂት ልጆች ጂንጃ ወይም ሳጋና ሄደው ሁለት ወቅት ቢሠሩ፣ ተመልሰው ሌሎቹን ያሠለጥናሉ። ሥራው የሁለት ክልል ወጣቶችን ስለሚያካትት ከጅምሩ የጋራ መሆን አለበት። ማኅበሩን አቋቁሞ ገንዘብ መሰብሰብ ለጉራጌ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከአዲስ አበባ ተሰባስቦ ለአገሩ መንገድ ያስጠረገ ሕዝብ ነው።

ከ1903 እስከ ዛሬ ያለው ታሪክ ሲጠቃለል፣ ብረቱ በጎማ ተተክቷል፣ አሳሹ በመንገደኛ ተተክቷል፣ ፏፏቴው በሐይቅ ተተክቷል። ያልተነካው የወንዝ ዳሩ ልጅ ቦታ ነው፤ ከማክሚላን ዘመን ጀምሮ አፋፍ ላይ ቆሞ የሌላውን ጀልባ ይመለከታል። ጎረቤቶቻችን የበለጡን በወንዝ ብዛት አይደለም፣ ያንን ልጅ ጀልባው ላይ አውጥተው መቅዘፊያውን ስላስጨበጡት ነው። ጎማ በገንዘብ ይገዛል፣ በአንድ ሳምንትም ይደርሳል። ውሃ የሚያነብና ሰው የሚያድን ወጣት ግን ዓመታት ይፈልጋል። ስለዚህ የሶዶ ወረዳ፣ የቡታጅራና የወልቂጤ ከተሞች እንዲሁም በአዲስ አበባ ያሉት ተወላጆች ለወንዝ መዝናኛ የሚመድቡት የመጀመሪያ ብር ለዋና አስተማሪው ደመወዝ ይሁን፤ ጀልባው በተራው ይደርሳል።